ስለ ሊቲየም ባትሪ አመራረጥና አያያዝ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው እጁን ለሥራ፤ አእምሮውን ለጥበብ ሲሰጥ ማየት ለወላጅ ታላቅ ደስታ ነው። በዛሬው ዘመን የከተማችን የሐረር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከአሮጌ ስልክና ከተሰበረ ላፕቶፕ ባትሪ እያወጡ የእጅ መብራት፤ ትንሽ ራዲዮ፤ ማራገቢያና የስልክ መሙያ ሲሠሩ ይታያሉ። የኤሌክትሪክ መብራት በጠፋበት ማታም በእንደዚህ ያለው የእጅ ሥራ ብርሃን ትምህርቱን የሚያጠና ተማሪ አለ። ሥራው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን ሊቲየም የተባለው ባትሪ ቀድሞ በራዲዮናችን ውስጥ እንደምናውቀው እንደ ባትሪ ድንጋይ አይደለምና፤ ጠባዩን ሳያውቁ የደፈሩት እንደ ሆነ በቤትም በሰውም ላይ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል።

ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣውም፤ በገዛ ቤተ ሰቤ የደረሰ ነውና። የእኅቴ ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በጀጎል ውስጥ በአንድ አሮጌ ቤት ከእናቱና ከአያቱ፤ ማለት ከእናቴ ጋራ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ከላፕቶፕ ባትሪ ያወጣቸውን ሁለት ክብ ሴሎች በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ የጥናት መብራት ሠራ። ክዳኑ አልገጥም ቢለው በመዳፉ ጫን አድርጎ ዘጋው፤ መብራቱም በራለት። ወደ እኔም ይዞት መጥቶ «ጋሼ፤ ከእንግዲህ ሻማ አይገዙልንም» ብሎ አሳየኝ። እኔም ክዳኑን ሳላስከፍት፤ ውስጡን ሳልመለከት «ጎበዝ፤ በርታ» ብዬ መረቅሁት። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራዬ ያላነበብሁትን ወረቀት ማኅተም አላሳርፍበትም፤ በዚያ ቀን ግን ያላየሁትን ሥራ በምርቃት አተምሁበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ መብራቱን በነደባው ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ኃይል እንዲሞላ ከሶኬት ጋራ አያይዞት ተኛ። እናቴ ለሌሊት ጸሎት በተነሡ ጊዜ እንግዳ የሆነ ጣፋጭ ሽታ ሸተታቸው፤ ዞር ብለው ቢያዩ ቆርቆሮው ይጢሳል። ጮኸው ልጁን ቀሰቀሱት። እርሱም ሶኬቱን ነቅሎ ቆርቆሮውን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ በድንጋይ ወደ ተነጠፈው ግቢ አወጣው፤ በዚያም ፈንድቶ ነደደ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከምንጣፉ መቃጠልና ከልጁ ጣቶች መለብለብ በቀር ሌላ ጉዳት አልሆነም። ይህ የልጁ አድራጎት በዕድል የተሳካ ስለ ሆነ ለማንም ምሳሌ አይሁን፤ ባትሪው በቤቱ ውስጥ ሳለ ፈንድቶ ቢሆን ዓይኑን ባጠፋው ነበርና።

በማግሥቱ ጧት ልጁና እኔ የቆርቆሮውን ቅሬታ በግቢው ተቀምጠን መረመርነው። ምክንያቱም ወዲያው ተገኘ። ክዳኑ በተጫነ ጊዜ ሁለቱን ሽቦዎች ከቆርቆሮው ከንፈር ጋራ ቆንጥጦ ይዟቸው ነበር። የቆርቆሮው ስለት የሽቦዎቹን ልባስ ቀስ በቀስ በልቶ ሁለቱንም ገላጣ አደረጋቸው፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩም በቆርቆሮው በኩል ተገናኙ። ይኸውም በተለምዶ ሾርት አደረገ የሚባለው ነው። እንግዲህ ቤት ሊያቃጥል የነበረው አንድ የተቆነጠጠ ሽቦ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር በሌላ ስፍራ ከሚሆን ይልቅ በጀጎል ውስጥ ሲሆን ይከፋል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የተሠሩ ናቸው፤ ጣራቸው የተረበረበው በእንጨት ነው፤ ነደባው በምንጣፍ፤ ግድግዳው በስፌት ያጌጠ ነው፤ ይህም ሁሉ የእሳት ምግብ ነው። ከመንገዶቹም ብዙዎቹ ጠባብ ስለ ሆኑ ውሃ የጫነ መኪና አያስገቡም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ በተመዘገበው በዚህ ከተማ የአንድ ቤት እሳት የጎረቤትም እሳት ነው።

ስለ ምን አንድ ሽቦ ይህን ያህል ኃይል አገኘ? ለዚህ መልሱ በሴሉ ውስጥ ነው። ኃይሉ እየተሞላ የሚሠራው የሊቲየም ባትሪ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በጃፓን አገር ሶኒ በተባለው ኩባንያ ለሽያጭ የወጣ ነው፤ ለዚህም መሠረት የጣሉት ሦስቱ ሊቃውንት፤ ጆን ጉዲናፍ፤ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፤ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ውስጡ ሲታይ የመዳብና የአሉሚኒየም ስስ ወረቀቶች በልዩ ልዩ ቅመም ተቀብተው በአንድነት ተጠቅልለዋል። በመካከላቸው ከሰው ጠጉር የሚቀጥን የፕላስቲክ መጋረጃ አለ፤ ሁሉም የራሰው በቀላሉ በሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ያለ አግባብ ሲገናኙ የተከማቸው ኃይል በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሴሉ ይግላል፤ መጋረጃው ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል እንጂ ከውጭ እሳት አይፈልግም። አንዱ ሴል የነደደ እንደ ሆነም አጠገቡ ያለውን ያቀጣጥላል።

የተቆነጠጠ ሽቦ ጉዳት በልጅ ሥራ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ፤ በዓለም በታወቀው በኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ላይም ደርሷል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለው ቦይንግ 787 አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተጉዞ ለንደን ሂትሮው ደርሶ፤ ሰው ሁሉ ከወረደ ከብዙ ሰዓት በኋላ ባዶውን ቆሞ ሳለ ከኋላ ጣራው በኩል ጢስ ታየበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት፤ ጣቢያውም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጋ። የእንግሊዝ አገር የአይሮፕላን አደጋ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ እንዳስረዱት፤ እሳቱ የተነሣው አደጋ ሲደርስ አይሮፕላኑ ያለበትን ስፍራ ከሚያመለክተው ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነበር። የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ተይዘው ነበርና ሾርት አድርገዋል። የዚያ መሣሪያ ባትሪ ኃይሉ ሲያልቅ የሚጣል እንጂ የሚሞላ ዓይነት አልነበረም፤ ቢሆንም ጥፋቱ ከእኅቴ ልጅ ቆርቆሮ ጋራ አንድ ነው። ይህን ለልጁ በነገርሁት ጊዜ «እነርሱም ክዳኑን ጫን አድርገውት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። በተማሩ ሰዎች እጅ ይህ ከሆነ፤ እኛማ እንዴት አብልጠን መጠንቀቅ አይገባንም?

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ። ሴል መምረጥ ምስክር እንደ መመርመር ነው፤ የተናገረውን ብቻ ሰምቶ ማመን አይበቃም። በላፕቶፕና በፓወር ባንክ ውስጥ የሚገኘው ክብ ሴል 18650 ይባላል፤ ይኸውም ስፋቱ 18 ሚሊሜትር፤ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ማለት ነው። እውነተኛው የዚህ ዓይነት ሴል የሚይዘው ኃይል ከ3500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ብዙ አያልፍም። በገበያ ግን 9900 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው አሉ፤ እነዚህ የሐሰት ምስክሮች ናቸው። ሁለተኛው ምርመራ ክብደት ነው፤ ደኅናው ሴል ከ43 እስከ 50 ግራም ያህል ይመዝናል። በብር አንጥረኛ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት 30 ግራም ብቻ የሚሆን ሴል ውስጡ የጎደለ ነውና ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው ምርመራ ቴስተር በሚባለው መለኪያ ቮልቱን ማየት ነው። የተለመደው የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በመካከለኛው 3.7 ያህል ይሆናል፤ ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድ አይገባም። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ብዙ ጊዜ የቆየ ሴል ቢገኝ፤ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ጀምሮ ይሆናልና ኃይል ሲሞሉበት በውስጡ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለማዳን መድከም አያስፈልግም፤ ይወገድ። አራተኛው በዓይን መመርመር ነው፤ የዛገ፤ የተጨረመተ፤ ልባሱ የተቀደደ፤ ፈሳሽ ያወጣ ወይም ያበጠ ሴል ከቤት አይግባ። በዚህ ሁሉ ያለፈውን ደግሞ ሞልታችሁ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀምጡትና እንደ ገና ለኩት፤ ሳይሠራበት ቮልቱ በብዙ የወረደ ከሆነ በውስጡ ድብቅ በሽታ አለበት።

የሊቲየም ባትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በስልክና በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ኮባልት ወይም ኒኬል ያለበት በትንሽ ስፍራ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ቁጣውም እንደዚያው ብዙ ነው። በትንንሽ በራሪ መጫወቻዎች ውስጥ ያለው ለስላሳ ከረጢት የሚመስለው ደግሞ የብረት ቤት ስለሌለው በሚስማርም በጥፍርም ይወጋል። የብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ግን ኃይሉ በመጠን ያነሰ ቢሆንም በሙቀት ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ የታገሠ ነው። ለቤት መብራት ክብደትና ስፋት ብዙ አያሳስብምና፤ ለጀማሪ ልጅ የሚመረጠው ይህ ነው። ነገር ግን የእርሱ ሙሉ ልክ 3.65 ቮልት ስለ ሆነ የሌላው የ4.2 ቮልት መሙያ አይስማማውም። መሙያውና ሴሉ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር የተመሳሰሉ መሆን አለባቸው።

ስለ አሠራሩም ትምህርት የምናገኘው ከዚያው ከቦይንግ 787 ታሪክ ነው። ከለንደኑ እሳት በፊት በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር 2005 ዓ.ም. በጃፓን አየር መንገዶች ሁለት አይሮፕላኖች ላይ ኃይላቸው የሚሞላ ትልልቅ የሊቲየም ባትሪዎች ተቃጥለው፤ በዓለም ያሉት ቦይንግ 787 አይሮፕላኖች ሁሉ እንዳይበሩ ታግደው ነበር። ከዚያ እገዳ በኋላ መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ይኸውም ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ነበር። ለመብረር የተፈቀደላቸው ሦስት ነገር ከተሻሻለ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሴልና በሴል መካከል ሙቀት የሚከለክል ነገር ተጨመረ፤ ሁለተኛ ባትሪው እስከ ጫፍ እንዳይሞላና እስከ ታች እንዳይሟጠጥ ልኩ ጠበበ፤ ሦስተኛ ባትሪው ጢሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ባለው በጠንካራ የብረት ሣጥን ውስጥ ገባ።

እነዚህ ሦስት ሥርዓቶች በቤት ውስጥም ይሠራሉ። ጀማሪ በአንድ ሴል ይጀምር፤ ሴሎችን ማያያዝ ካስፈለገ አንድ ዓይነት፤ አንድ ዕድሜና እኩል ቮልት ያላቸውን ብቻ፤ በመካከላቸው ክፍተት ትቶ ያያይዝ። አሮጌና አዲስ አይቀላቀል፤ በተከታታይ የተያያዙ ሴሎችም እያንዳንዳቸውን የሚያመዛዝንና የሚቈጣጠር ቢኤምኤስ የሚባል ሰሌዳ ይፈልጋሉ። ሴሉን በቀጥታ በሊድ መበየድ ሙቀቱ ውስጡን ይጐዳዋልና ዝግጁ የሆነ የሴል ማስቀመጫ መግዛት ይሻላል። ከልኩ በላይ ሲሞላና ከልኩ በታች ሲወርድ የሚቈርጥ መጠበቂያ ሰሌዳ አይቅር፤ ከሴሉ ፖዘቲቭ አጠገብም ፊውዝ ይግባ። ያ ፊውዝ ኖሮ ቢሆን የእኅቴ ልጅ ሽቦ ቢቆነጠጥም መብራቱ ይጠፋ ነበር እንጂ ምንጣፉ አይቃጠልም ነበር። ሽቦ በሣጥን ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ስለቱ በጎማ ወይም በናስትሮ ይሸፈን፤ ክዳን በኃይል አይዘጋ፤ ሣጥኑም ጢስ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው።

ስለ መሙላቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ቲፒ 4056 የሚባለው ርካሽ የመሙያ ሰሌዳ በተለመደው አሠራሩ 1 አምፔር ይሰጣል፤ ይህም 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ለሚይዝ ሴል የተመቸ ነው፤ 500 ብቻ ለሚይዝ ትንሽ ሴል ግን ይበዛበታል። የስልክ መሙያ 5 ቮልት የሚሰጥ ስለ ሆነ ያለ መቈጣጠሪያ ሰሌዳ በቀጥታ ከሴል ጋራ አይያያዝ። ሲሞላ በድንጋይ ወይም በሸክላ ላይ ይቀመጥ እንጂ በምንጣፍ፤ በፍራሽና በመጻሕፍት ላይ አይቀመጥ፤ ከመውጫው በር አጠገብም አይሁን፤ እሳት ቢነሣ መሸሻችንን ይዘጋብናልና። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ባትሪ ሞልቶ ከሚያድር ይልቅ በግማሽ ልክ፤ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ፀሐይ በሚመታው መስኮትና በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተው።

ሴል በኪስ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋራ አይያዝ፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ሲገናኙ ኪስ ውስጥ ይግላል። ሲወሰድ ጫፎቹ በናስትሮ ይሸፈኑ። ከድሬዳዋ በአይሮፕላን የሚሄድ ሰውም ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣው ይያዝ እንጂ ከታች በሚጫነው ዕቃ ውስጥ አያድርግ። ለእነዚህ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ልክ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 20000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል።

ያበጠ ባትሪ አይወጋ፤ አይጫን፤ ኃይልም አይሞላበት። ጫፉ በናስትሮ ተሸፍኖ፤ አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ በኋላም የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥራጊ ለሚቀበሉ ሰዎች ይሰጥ። ከቆሻሻ ጋራ አይጣል፤ የከተማችንን ቆሻሻ ቀን ልጆች፤ ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ የሚገቡት ጅቦች እንደሚያገላብጡት ሁላችን እናውቃለን። በእሳትም አይቃጠል፤ ይፈነዳልና።

ይህ ሁሉ ሲደረግ እሳት ቢነሣ ግን ከዕቃ በፊት ሰው ይውጣ። የሊቲየም ባትሪ ጢስ ሳንባን የሚጐዳ መርዝ ስላለበት በጢሱ ውስጥ ቆሞ መታገል አይገባም። የሚቻል ከሆነ የቤቱ ቈጣሪ ይጥፋ፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ባትሪ ከሆነ ከሩቅ ሆኖ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ያበርደዋል። አሸዋ ነበልባሉን ያግዳል እንጂ ሙቀቱን አያጠፋም። የጠፋ መስሎ እንደ ገና የሚነሣ ስለ ሆነ ቅሬታው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ በውጭ ይደር። ትልቅ ባትሪ ከሆነ በር ዘግቶ መውጣት፤ ጎረቤትን ማስጠንቀቅና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እኅቴ «ዳግመኛ ባትሪ በቤቴ አይታይ» ብላ ነበር፤ እናትም ስለ ሆነች አልፈረድሁባትም። ነገር ግን ልጁን ብንከለክለው ሥራውን ከዓይናችን ሰውሮ በጓደኛው ቤት ይሠራል እንጂ አይተወውም፤ የተሰወረ ሥራ ደግሞ ከተገለጠው ይብሳል። ስለዚህ እናቴ ባሉበት ተቀምጠን ተስማማን። ልጁ የብረት ፎስፌት ሴል፤ የሚስማማውን መሙያ፤ መጠበቂያ ሰሌዳና ፊውዝ ገዝቶ መብራቱን እንደ ገና ሠራው። ቦታው ከምንጣፍ ወደ ግቢው ድንጋይ ተዛወረ። እናቴም «ሰው ሲተኛ ባትሪውም ይተኛ» ብለው ደነገጉ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሌሊት ኃይል አይሞላም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ልጆቻችሁ የእጅ ሥራቸውን ይዘው ሲመጡ አትቈጡ፤ ለማመስገንም አትቸኵሉ። ከምርቃቱ በፊት «ክዳኑን ክፈተውና ውስጡን አሳየኝ» በሏቸው። የእኅቴ ልጅ ሁለተኛውን መብራት ይዞ በመጣ ጊዜ ገና ሳልጠይቀው ክዳኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አሳየኝ፤ እኔም ሁሉን አይቼ ከጨረስሁ በኋላ መረቅሁት።